ዩፒኮች ባህላቸውን ለሬዲዮና ለካሜራ አሳልፈው ሰጡ? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ አላስካው የዩፒክ ሕዝብ በአማርኛ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ በወዳጆቼ በኩል ደረሰኝ። ስለ ዩፒኮች በቋንቋችን የሚጻፍ ነገር ብርቅ ነውና በጉጉት ነበር ማንበብ የጀመርኩት። ስጨርሰው ግን አዘንኩ። ጸሐፊው በክፋት የጻፉት አይመስለኝም፤ ለጥንታዊ ነገር ከልብ የሚቆረቆሩ ሰው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ሆኖም ቁጭታቸው የባህሉን ባለቤቶች ጥፋተኛ አድርጎ አስቀምጧል። በአላስካ ትልቋ ከተማ በአንኮሬጅ ውስጥ ለዓመታት ከዩፒኮች ጋር ስለሠራሁ፣ ስለ እነሱ የተጻፈውንም ያገኘሁትን ያህል ሳነብ ስለኖርኩ፣ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ጽሑፉን ላላነበባችሁ ጭብጡ እንዲህ ነው። የዩፒክ ባህል የአፍ ባህል ስለሆነ ጽሕፈት፣ ሬዲዮና ካሜራ ሲነኩት ይሞታል። ጭፈራው በፌስቲቫል መድረክ ላይ ለቱሪስት የሚቀርብ ትርኢት ሆኗል። ከሥርዓቱ በኋላ ይቃጠሉ የነበሩት ጭምብሎች በሙዚየም መስታወት ውስጥ መታየታቸው ወጉን መክዳት ነው። ወጣቶቹ ዘፈኑን ከአሜሪካ ሙዚቃ ጋር ቀላቅለው አበላሽተውታል። በመጨረሻም፣ ቋንቋው 10 ሺህ ያህል ተናጋሪ ብቻ ስለቀረው ተመራማሪዎች መዝግበው ያስቀምጡት እንጂ ለማሰራጨት ገንዘብ ማፍሰስ ከንቱ ድካም ነው ይላሉ። መመዝገብ ባህሉን ይገድለዋል ብሎ ጀምሮ መዝግቡት ብሎ መጨረስ እንዴት እንደሚታረቅ አልገባኝም፤ ለማንኛውም ነጥቦቹን አንድ በአንድ እመለከታለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ቦታው ትንሽ ልበል። ዩፒኮች የሚኖሩት በደቡብ ምዕራብ አላስካ፣ የዩኮንና የኩስኮክዊም ወንዞች ወደ ቤሪንግ ባሕር በሚፈሱበት ሰፊ ረግረጋማ ምድር ላይ ነው። የአካባቢው ዋና ከተማ 6 ሺህ ያህል ሰው የሚኖርባት ቤቴል ናት። ስሟን ያወጡላት በ1885 እዚያ የሰፈሩት ሞራቪያ የተባለችው የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮናውያን ናቸው። ከአንኮሬጅ ቤቴል የሚያደርስ የመኪና መንገድ የለም። ይህን ያነሳሁት ኋላ ስለ ቱሪስቶች ስናወራ ስለሚያስፈልገን ነው።

ጸሐፊው የአፍ ባህል ሲሉ የሚታያቸው እሳት ዳር የተቀመጡ አያትና በዝምታ የሚያዳምጡ ልጆች ብቻ ነው። አንዲት የዩፒክ ልጅ ግን ተረት ስትነግር እጇ ሥራ አይፈታም ነበር። ያሩይን የምትባል፣ ዋልረስ ከሚባለው ትልቅ የባሕር እንስሳ ጥርስ ወይም ከእንጨት የተቀረጸች ቢላ ይዛ ወንዝ ዳር ትቀመጣለች፤ ብዙ ጊዜ አባቷ ወይም አጎቷ የሠራላት ናት። ጭቃውን በቢላዋ ጎን ትደለድላለች፣ ደረቅ ካለባት እንትፍ ብላ ታርሰዋለች። ከዚያ ቤቱን ከላይ እንደሚታይ አድርጋ ትስለዋለች፦ በሩ በዚህ፣ ምድጃው መሃል ላይ፣ መደቡ በዚያ በኩል። አያቲቱ እዚህ፣ የልጅ ልጇ እዚያ። ሰዎቹ ከቦታ ቦታ ሲሄዱ ቢላዋም አብራ ትሄዳለች፤ ያ ክፍል ሲያልቅ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ጠራርጋ ቀጣዩን ትጀምራለች። ጓደኞቿ ተኮልኩለው ዓይናቸውን ከጭቃው ላይ አይነቅሉም። የዋልረስ ጥርስ ሲጠፋ ልጆቹ የገበታ ቢላ አንስተው ቀጠሉ እንጂ የአባቶቻችን ቢላ ካልሆነ ብለው አልተዉትም። ቃልና ሥዕል አብረው የሚሄዱበት ተረት ለዚህ ሕዝብ ካሜራ ከመምጣቱ በፊት የነበረ ነው።

ጽሕፈትንም ፈረንጅ ብቻውን ያመጣባቸው አድርገው አቅርበውታል። በ1900 ገደማ ግን ኡያቁቅ የሚባል፣ እንግሊዝኛ ማንበብና መጻፍ የማይችል የኩስኮክዊም ሰው ለራሱ ቋንቋ ፊደል ቀርጿል። የቤተ ክርስቲያን ረዳት ነበርና ሲጀምር የወንጌሉን ቃል የሚያስታውስባቸው ሥዕሎች ነበሩ የሚጠቀመው። ሥዕል ለቃል በቃል አልበቃው ሲል ምልክቶቹን እያሳጠረ፣ እያሻሻለ፣ በአምስት ዓመት ገደማ አንዱ ምልክት ተነባቢውን ከነአናባቢው የሚይዝበት ሥርዓት ላይ ደረሰ። ሀ ሁ ሂ ብሎ ያደገ ሰው ይህ ሥራ ምን ያህል ጭንቅላት እንደሚጠይቅ ሳይነገረው ይገባዋል። ለእኔ ኡያቁቅ በዓለም ላይ ካሉ ፊደል ፈጣሪዎች ተርታ የሚቆም ሰው ነው፤ በአማርኛ ስሙን ያነሳ ሰው ግን እስከዛሬ አላጋጠመኝም።

የቴፕ መቅረጫውም ነገር እንዲሁ ነው። በ1977 ቱክሱክ ቤይ በምትባለው የኔልሰን ደሴት መንደር ፖል ጆን የተባሉ ሽማግሌ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ለቀናት ተረትና ታሪክ ነገሩ። ዩፒኮች ከጥንት የወረደውን ትረካ ቁሊራት፣ ሰው ያየውንና የደረሰበትን ደግሞ ቃነምቺት ብለው ይለያሉ፤ ሽማግሌው ሁለቱንም ነበር የነገሩት። ያ ሁሉ በቴፕ ተቀድቶ ቆየና በ2003 በዩፒክኛና በእንግሊዝኛ ታትሞ ወጣ። ፖል ጆን ዛሬ በሕይወት የሉም። ያን ቀን ያልተወለዱ ልጆች ግን ቃላቸውን በራሳቸው ቋንቋ፣ እሳቸው በተናገሩበት ቅደም ተከተል ያገኙታል። ከዚህ ውስጥ የሞተው የትኛው ነው?

ሬዲዮውን በተመለከተ ጸሐፊው ጨርሰው ተሳስተዋል። ኬዋይዩኬ የተባለው የቤቴል ጣቢያ በ1971 ሥራ ሲጀምር በአሜሪካ በነባር ሕዝቦች ባለቤትነት ከተቋቋሙት የመጀመሪያዎቹ የሕዝብ ጣቢያዎች አንዱ ነበር። እዚያ ለአሥርት ዓመታት ዜና ወደ ዩፒክኛ እየመለሱ ያነበቡት ጆን አክቲቭ ያደጉት በአያታቸው በማጊ ሊንድ እጅ ነው፤ ማጊ ሊንድ ደግሞ በአካባቢው ስም ያላቸው ተረት ነጋሪ ነበሩ። የልጅ ልጃቸው የሰሙትን ይዘው ማይክሮፎን ፊት ተቀመጡ። ጸሐፊው ሬዲዮው አያትን ተካ ሲሉ፣ እኔ ደግሞ የአንዲት አያት ድምፅ ከአንድ ቤት ወጥቶ በወንዙ ዳር እስካለው የመጨረሻ መንደር ደረሰ እላለሁ። ጆን አክቲቭ በ2018 እስካረፉ ድረስ በስንት ማድ ቤት፣ በስንት የዓሣ ማድረቂያ ሥር ተደምጠው ይሆን!

ከሁሉም በላይ ያስከፋኝ ስለ ጭፈራው የተጻፈው ነው። ታሪኩን ሳይነግሩን ፍርዱን ሰጡ። ሞራቪያውያኑ ጭፈራውንም ጭምብሉንም ከባዕድ አምልኮ ቆጥረው አጥብቀው ከለከሉ፤ በኩስኮክዊም ዳር ባሉ ብዙ መንደሮች የከበሮ ድምፅ ለትውልዶች አልተሰማም። የካቶሊክ ሚሲዮናውያን በደረሱባቸው እንደ ኔልሰን ደሴት ባሉ ቦታዎች መጀመሪያ ቢከለከልም ኋላ ላይ ስለላላ ተረፈ። አዳሪ ትምህርት ቤት የገቡ ልጆች ደግሞ በገዛ ቋንቋቸው በመናገራቸው አፋቸው በሳሙና ይታጠብ ነበር። እንግዲህ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ቤቴል ላይ የሚካሄደው የቻማይ የጭፈራ ፌስቲቫል የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቻማይ ማለት እንደ እኛ ጤና ይስጥልኝ ያለ ሰላምታ ነው። በማርች ወር ገደማ፣ ወንዙ ገና በረዶ ሳለ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ይካሄዳል። የሚመጣውም ሰው በትንንሽ አውሮፕላን፣ በበረዶ ሞተር፣ መኪና ያለውም በበረደው ወንዝ ላይ እየነዳ የሚደርስ የመንደር ሰው ነው። በዚያ ብርድ፣ መንገድ በሌለበት አገር፣ የቱሪስት መንጋ ከየት ይመጣል?

የሥራ ባልደረባዬ የሆነች አንዲት የዩፒክ እናት የልጇን የመጀመሪያ ጭፈራ በስልኳ አሳይታኛለች። ስድስት ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጅ ከፊት ተንበርክኳል፤ ወንዶች ተንበርክከው ሴቶች ከኋላ ቆመው ነው የሚጨፍሩት። በትንንሽ እጆቹ ከፊቱ የሚበልጥ ማራገቢያ ይዟል። ከኋላ የተቀመጡት ከበሮ መቺዎች ሰፊና ስስ የሆነውን ከበሮ በቀጭን ዘንግ በቀስታ ይነካኩታል። ከበሮው ዱሮ በዋልረስ ጨጓራ ነበር የሚለጎመው፤ አሁን በናይለን ጨርቅ ነው። ልጁ ይሳሳትና ወደ አያቱ ዘወር ይላል፣ አያቱ ከቆሙበት በእጃቸው ያሳዩታል። ዘፈኑ ሲያልቅ አዳራሹ "ፓምዩአ!" ብሎ ይጮሃል። ይደገም! ማለት ነው፤ ቃል በቃል "ጅራቱ" እንደማለት። ይደገማል፣ ከበሮው ከፊተኛው ይበረታል፣ አሁንም ይደገማል። ልጁ የተሰየመው በቅርቡ ባረፉ የእናቱ አባት ስም ነበር። በዩፒኮች ዘንድ ስም ከሟቹ ወደ ሕፃኑ ሲተላለፍ ከሟቹ የሆነ ነገር አብሮ ይመጣል ተብሎ ይታመናል፤ ስለዚህ ዘመዶቹ ልጁን አባቴ፣ ወንድሜ እያሉ ነው የሚጠሩት። ቤተሰቡ ለዓመታት ያከማቸውን ጨርቅ፣ ፎጣ፣ ካልሲ፣ ባልዲ ለታዳሚው አከፋፈለ። ባልደረባዬ ቪዲዮውን ስታሳየኝ "አባቴ ጨፈረ" ነበር ያለችኝ። ሥራ ይዟት መሄድ ስላልቻለች ያን ቀን ያየችው በዚያች ስልክ ብቻ ነው። ይህን ትርኢት ብሎ የሚጠራ ሰው ከፊቷ ቆሞ ይበላት።

ወደ ጭምብሎቹ ልምጣ። እዚህ ላይ የጸሐፊው መከራከሪያ ክብደት አለው፤ እውነትም ብዙዎቹ ጭምብሎች ለአንድ ሥርዓት ተቀርጸው ከሥርዓቱ በኋላ ይቃጠሉ ወይም ሜዳ ላይ ይጣሉ ነበር። ወንዶች በሚሰበሰቡበት ቃዝጊቅ በሚባለው ትልቅ ቤት ውስጥ፣ አዋቂው ባየው ራእይ መሠረት ይጠረባሉ፤ ለመጪው ዓመት አደን ይለመንባቸዋል፤ ከዚያ ሥራቸው አበቃ። ዮሃን አድሪያን ያኮብሰን የተባለው ኖርዌጂያዊ ከ1881 እስከ 1883 ለበርሊን ሙዚየም እየዞረ የሰበሰባቸው፣ ኋላም ነጋዴዎች እየገዙ ያሻገሯቸው ናቸው የተረፉት። የተረፉትም የማን መጫወቻ እንደሆኑ እናውቃለን፦ በ1940ዎቹ ኒው ዮርክ የነበሩ ሱሪያሊስት የሚባሉ፣ ሕልም መሰል ሥዕል የሚሥሉ ሠዓሊዎች ግድግዳቸው ላይ ሰቅለዋቸዋል፤ በ2011 አንዱ ብቻውን ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሽጧል። ከዚያ ገንዘብ የቀራጩ ዘሮች ምን አገኙ ብለው ቢጠይቁ ኖሮ ከጸሐፊው ጋር እቆም ነበር። እሳቸው ግን ጥያቄውን ትተው ተጠያቂ ያደረጉት ጭምብሉን ለማየት የተሰበሰቡትን ሽማግሌዎች ነው።

ሽማግሌዎቹስ ምን አደረጉ? በ1996 የጭምብሎቹ ትልቅ ዐውደ ርእይ ሲዘጋጅ መጀመሪያ የተከፈተው ኒው ዮርክ ወይም ዋሽንግተን አልነበረም፤ ቱክሱክ ቤይ ነበር። ጭምብሎቹ ከየሙዚየሙ ተጭነው ጥቂት መቶ ሰው ወደሚኖርባት መንደር በረሩ፤ ከዚያ ቤቴል፣ ከዚያ አንኮሬጅ፣ ትልልቆቹ ከተሞች ተራቸውን ጠበቁ። በ1997 ደግሞ ፖል ጆን፣ አኒ ብሉና ሌሎች ሽማግሌዎች ከአስተርጓሚያቸው ከማሪ ሚድ ጋር በርሊን ሄደው ያኮብሰን የወሰደውን ዕቃ ለሳምንታት ሲያገላብጡ ሰነበቱ። መልሱልን ብለው አልነበረም የሄዱት። ዕቃው እጃቸው ሲገባ ትዝ የሚላቸውን ነገር ነበር የፈለጉት፦ የመሣሪያውን አጠቃቀም፣ የተሰፋውን ልብስ ስም፣ አብሮት የሚሄደውን ዘፈን። ያሉት ሁሉ በዩፒክኛ ተቀድቶ አገር ቤት ገባ። ጭምብል ያቃጥሉ የነበሩት አባቶች በዓመቱ ሌላ የሚቀርጽ እጅና ሌላ የሚዘፍን አፍ ስለነበራቸው ነው ያቃጠሉት። ያ እጅና ያ አፍ በክልከላ ከተቋረጠ በኋላ አመዱን ብቻ ጠብቁ ማለት ምን ዓይነት ታማኝነት ነው? በዩፒክ ሽማግሌዎች ምክር ውስጥ እየተመላለሰ የሚመጣው ነገር እውቀት ለራስ ብቻ የሚያዝ አለመሆኑ ነው፤ ሰው ያገኘውን ዓሣ እንደሚያካፍል የሚያውቀውንም ያካፍላል። ጸሐፊው የባህሉ ሞት ያሉት መካፈል ለሽማግሌዎቹ የባህሉ ትእዛዝ ነው።

ስለ ሙዚቃው ብዙ አልልም። ስም ባይጠሩም የወቀሱት ፓምዩአ የተባለውን ቡድን መሆኑ ግልጽ ነው። ቡድኑ በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው በፊሊፕና ስቲቨን ብላንሼት ወንድማማቾች ነው፤ እናታቸው ዩፒክ፣ አባታቸው ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። የእናታቸውን ዘፈን በአባታቸው ቤተ ክርስቲያን ዜማ አጅበው ቢዘፍኑ የማንን ርስት ነው የሰረቁት? ደግሞም የዩፒክ ጭፈራ ድሮም የዕለቱን ወሬ የሚቀበል ነው። በየመንደሩ ስለ ቅርጫት ኳስ፣ ስለ ቢንጎ ጨዋታ፣ ስለ በረዶ ሞተር የተገጠሙ ዘፈኖች ከአደን ዘፈኖቹ ጎን ይጨፈራሉ፤ ሽማግሌዎቹም ይስቁባቸዋል።

የመጨረሻው ነጥብ የቋንቋው ነው። አዎ፣ ተናጋሪው ወደ 10 ሺህ ነው፤ በብዙ መንደሮችም ልጆች በዩፒክኛ ሲጠየቁ በእንግሊዝኛ ይመልሳሉ። ሬዲዮ ብቻውን ተናጋሪ አይወልድም፤ ጆሮ ይከፍታል እንጂ ምላስ አይፈታም። በዚህ ጸሐፊውን አልቃወምም። ነገር ግን ሰዎቹ ይህን ከእሳቸው በፊት ስላወቁ ነው በ1995 ቤቴል ላይ ሕፃናት ከመጀመሪያው ቀን በዩፒክኛ የሚማሩበትን ትምህርት ቤት የጀመሩት። በ2015 ሕንፃው በእሳት ወደመ፤ ትምህርቱ ግን አልቆመም። በ2014 አላስካ 20 የነባር ሕዝቦች ቋንቋዎችን ከእንግሊዝኛ ጎን በሕግ ስትቀበል ዩፒክኛም ከእነዚያ አንዱ ነበር።

ለማሰራጨት የሚወጣው ገንዘብ ከንቱ ነው የሚሉትን ደግሞ በዩፒኮች ላይ የደረሰው አደጋ ይመልስላቸው። በኦክቶበር 2025 ሃሎንግ የተባለው አውሎ ነፋስ ቅሪት የባሕሩን ዳርቻ መታው። ኪፕኑክና ክዊጊሊንጎክ በተባሉት መንደሮች ቤቶች ከነሰዎቻቸው ከመሠረታቸው ተነቅለው ተንሳፈፉ፤ በጠቅላላው ከ1,500 የሚበልጥ ሰው ተፈናቀለ። ሕዝቡ በቋንቋው መረጃ ይሰማ የነበረው ከዚያው ከቤቴል ጣቢያ ነው። ከአደጋው ሦስት ወር ቀደም ብሎ የአሜሪካ ምክር ቤት ለሕዝብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የተመደበውን 1.1 ቢሊዮን ዶላር ሰርዞ ነበር፤ የቤቴሉ ጣቢያ ደግሞ ከገቢው አብዛኛውን ያገኝ የነበረው ከዚያው ነው። ኪፕኑክና ክዊጊሊንጎክ ልጆች እስከዚያ ድረስ በዩፒክኛ አፋቸውን ከሚፈቱባቸው ጥቂት መንደሮች መካከል ነበሩ። በመቶ የሚቆጠሩት ተፈናቃዮች በወታደራዊ አውሮፕላን ወደ አንኮሬጅ ሲመጡ፣ እዚህ ከተማ ውስጥ ከጥቂት ዓመታት በፊት የተጀመረ በዩፒክኛ የሚያስተምር የመንግሥት ትምህርት ቤት ነበርና አንዳንዶቹ ልጆች እዚያ ገቡ። ቤታቸውን አጥተው በመጡበት ሰሞን አስተማሪያቸው በቋንቋቸው ተቀበለቻቸው። ያን ክፍል ለመክፈት የወጣው ገንዘብ ነው እንግዲህ ከንቱ የተባለው።

ተመራማሪዎች መዝግበው ያስቀምጡት ለሚለው ምክርም ክዊንሃጋክ የምትባለውን የባሕር ዳር የዩፒክ መንደር ልጥቀስ። ኑናሌቅ የተባለው ከመንደሯ አጠገብ ያለ ጥንታዊ ሰፈር ከ300 ዓመት በላይ በበረደ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ኖረ፤ አፈሩ ሲሟሟና ባሕሩ ዳርቻውን ሲበላው ዕቃው መውጣት ጀመረ። የመንደሯ ሰዎች ራሳቸው ስኮትላንድ ያለውን የአበርዲን ዩኒቨርሲቲ አርኪዮሎጂስቶች ጋብዘው ከ2009 ጀምሮ ቁፋሮ ተካሄደ። 100 ሺህ ያህል ዕቃ ተገኘ፦ ጭምብል፣ የከበሮ ክፈፍ፣ የሣር ገመድ፣ አሻንጉሊት፣ ማንኪያ። ለጥበቃ ስኮትላንድ ሄዶ የነበረው ዕቃ በ2018 ተመልሶ በመንደሯ በተከፈተው የራሳቸው ማዕከል ተቀመጠ። የሞራቪያ ሚሲዮን ጭፈራ ባጠፋባት በዚያች መንደር ወጣቶች ከቁፋሮው በኋላ የጭፈራ ቡድን አቋቋሙ። ቀራጮችም ማዕከሉ ገብተው መሳቢያውን እያስከፈቱ ከአባቶቻቸው ሥራ ልክ ይወስዳሉ።

ያው የኦክቶበር ማዕበል ኑናሌቅንም ገመሰው። ከማዕበሉ በኋላ ነዋሪዎቹ ባሕሩ ዳር ወርደው ከጭቃ ውስጥ እንጨት በእንጨት ለቀሙ። የእንጨት ዕቃ ጨው ከጠጣ ሲደርቅ ይሰነጠቃልና ማዕከሉ ውስጥ በየገንዳው ንጹሕ ውኃ ሞልተው ዘፈዘፉት፤ ውኃውን እየለወጡ ጨውን ያስለቅቁታል።